ወንበሩ ሄደ፤ ሰውየውስ?

«እንታይ ኮይኑ'ዩ?» ይላል የመቐለ ሰው። «ምን ሆኖ ነው?» ማለት ነው። ጥያቄዋ ለብቻዋ ስትታይ ደግ ናት፤ የታመመ የሚጠይቅ፣ ያዘነ የሚያጽናና ሰው አፍ ላይ ታምራለች። ሮማናት አደባባይ ዙሪያ ከአንዱ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ስትወጣ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። ትናንት ከረባት አስሮ የምናውቀው ሰው ዛሬ ባጃጅ እየነዳ ያልፋል፤ ወይም የሞባይል ቀፎ ፈታትቶ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይታያል። ስኒው አፍ ሳይደርስ አየር ላይ ይቆምና፣ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። መልስ የሚጠብቅ የለም። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ «ወደቀ» ተብሏል።

እኔ ከዚች ጥያቄ ጋር ጠብ አለኝ።

አንደኛ ነገር፣ ጠያቂው መልሱን አጥቶት አይደለም የሚጠይቀው። አብሮ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩ አብሮ ተቋርጦበታል። በሰኔ 2013 ማብቂያ ባንኩም መብራቱም ስልኩም እንደገና ሲጠፉ አብሮ ጨልሞበታል። በስሙ የተቀመጠ ብር እያለው ከጎረቤት ጤፍ የተበደረው ስንቱ ነው! ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን እንደገና መቐለ አረፈ። እስከዚያው ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ወሩን ይቆጥር የነበረው በልማድ እንጂ በደመወዝ አልነበረም። መምህራኑ በማኅበራቸው በኩል የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛችን ይከፈለን ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ሰውየው ልጆች አሉት፤ ልጆች ደግሞ በየቀኑ ይበላሉ። ስለዚህ ያገኘውን ሠራ። ይኸው ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ረኃቡን የቻለ ሰው የሰፈሩን ዓይን መቻል ሲያቅተው አይቻለሁ። ሠፈሩ እንዳያየው ከተማውን አቋርጦ ሌላ ጫፍ ሄዶ የሚነግድ ነበር። የኮሮና ማስክ ሁሉም አውልቆ ከጣለው በኋላ እንኳ ያላወለቀ አውቃለሁ፤ በሽታውን ፈርቶ ሳይሆን የቀድሞ ተማሪዎቹን ፈርቶ። አዲሱ ሥራ ያደክመዋል፣ ያ ያለ ነው። የሚገድለው ግን «ድሮ ምን ነበርኩ» የሚለው ነው። ቀን ሠርቶ ያገኘውን ደስታ ማታ ሐፍረቱ ይበላበታል።

ለምን እንዲህ ሆንን? እንደ ቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ አንዲት ቃል ላንሣ። ቃሏ «ወንበር» ናት። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት አንድ ሊቅ «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነበር። ወንበሩ ዛፍ ሥር ቢሆን፣ የሣር ጎጆ ደጃፍ ቢሆን፣ ድንጋይ ላይ የተነጠፈ አጎዛ ቢሆን ግድ አልነበረም። መምህሩ ከጎጃም ተነሥቶ ትግራይ ቢመጣ ወንበሩ አብሮት ይመጣል፤ ዕውቀቱ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ብራና የሚፍቅ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ መሬቱን የሚያርስ መምህር ነበረ። በዚህ የተነሣ መምህርነቱ የቀረበት ሰው አልሰማሁም። ያኔ ወንበር ሰውን ይከተል ነበር።

እኛ ዘንድ ተገለበጠ። አሁን ሰው ነው ወንበር የሚከተለው። «አቶ እገሌ፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ኃላፊ» ብለን እናስተዋውቅና፣ ኃላፊነቱ ሲሄድ አቶ እገሌን ምን እንደምንለው ይጠፋናል። እሱም ራሱን ምን እንደሚል ይጠፋዋል። ጡረታ የወጡ ሰዎችን ተመልከቱ፤ ጤነኛ ሆነው ወጥተው በዓመቱ የሚያረጁት ለምን ይመስላችኋል? ወንበሩ ውስጥ ትተውት የወጡት ነገር አለ። ስማቸውን ነው የተዉት።

በሽታው ዛሬ አልተጀመረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው ዐዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ይሰደባል፤ የሚጽፈው እንኳ ሳይቀር ጠንቋይ ይባላል፤ እንዲህ ሆኖ አገር እንዴት ይለማል የሚል መንፈስ ያለው ዐዋጅ ነው። ልብ በሉ፣ ንጉሠ ነገሥት ነው ያወጀው። ስድቡ ግን ንጉሡንም ዙፋኑንም ዕድሜ በለጣቸው። የዐድዋው ልጅ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የአገር ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመጣ ሊያስረዳን ደክሟል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ መጽሐፉን አደነቅን፤ ሠራተኛውን መናቅ አልተውንም። ከዚያ ደግሞ የኮብልስቶን ዘመን መጣ። ዲግሪ ይዘው ድንጋይ የጠረቡ ልጆች የአገር ሁሉ መቀለጃ ሆኑ። ቀልዱ የሁለት ሰዎች መሣሪያ ነበር። አንደኛው ሥራ መፍጠር ያቃተውን አስተዳደር የሚወቅስ ነው፤ ይህኛው ይገባኛል። ሁለተኛው ልጁን ራሱን የሚያዋርድ ነው፤ ይህኛው የዚያው የ1900ው ተሰዳቢ ሠራተኛ የልጅ ልጅ ላይ የወረደ አሮጌ ስድብ ነው። መንገዱ ላይ ግን ሁላችንም እንሄድበታለን።

አንድ የፊዚክስ መምህር አውቃለሁ። መብራት በጠፋበት ዘመን የሰው የሶላር ፋኖስ በማየት ጀመረ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ሬዲዮ። ዛሬ ከሮማናት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? «መምህር፣ ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ሳወራ ተማሪው ያዛጋ ነበር። እዚህ ግን የራሱ ስልክ ስለሆነ ዓይኑን አይነቅልም። ‹ለምን ተቃጠለ?› ሲለኝ አስረዳዋለሁ። በቀን አሥር ክፍል አስተምራለሁ ማለት ነው።» ሰውየው ፊቱ በርቷል። ፊዚክሱን አልተወም፤ ፊዚክሱ ነው ቤት የለወጠው። አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ አለች፤ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታቀርባለች። ደብተሯን አሳይታኝ ነበር። ገቢና ወጪ፣ የጤፍ ክምችት፣ ያልተሰበሰበ ሒሳብ፣ ሁሉም በየመስመሩ። «ድሮ የሰው ገንዘብ ነበር የምቆጥረው» አለችኝና ሳቀች።

ሁሉም እንዲህ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ቡና ታፈላ የነበረች ነርስ «እኔ የምፈልገው ዋርድ ውስጥ መቆም ነው፤ እጄ የለመደው መርፌ ነው» ብላኛለች። ትክክል ናት። ለእሷ ለውጥ ማለት ወደ ሆስፒታሏ መመለስ ነው። ለውጥ ሁሉ ደግ አይደለም፤ አንዳንዱ መመለስ ያለበት ነው።

እዚህ ላይ ሌላኛውን ወገን ላግኘው። «ምን ሆኖ ነው?» ባዩ አንድ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ የለውጥ ነጋዴው አለ። መጽሐፉ አስፋልት ዳር ተነጥፏል፣ ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ በትኬት ይሰጣል። አስተሳሰብህን ለውጥ፣ ችግር ዕድል ነው፣ ደስታ ምርጫ ነው፣ ያጣኸውን እርሳ! አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔም አንዳንዴ ላጨበጭብ ይቃጣኛል፤ ሰውየው አፈኛ ነው። ግን ቆይ፣ የ17 ወር ደመወዙን ያጣ ሰው ምኑን ነው የሚረሳው? ገንዘቡን? ቤቱ የተዘረፈበት፣ ልጁ የቀረበት ሰው ችግሩ ዕድል ነው ተብሎ ሲነገረው ምን ይበል? እግዜር ይስጥልኝ ይበል?

የለውጥ ነጋዴ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ሰው በራሱ ጥረት ያገኘውን ደስታ ወስዶ ለበዳዩ ደረሰኝ ያደርገዋል። «አየህ፣ ደህና ሆነሃል፤ እንዲያውም ሳይጠቅምህ አልቀረም» ይለዋል። የፊዚክስ መምህሬ አዲሱን ሥራውን ይወደዋል። የውዝፍ ደመወዙንም ወረቀት አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሁለቱ አይጣሉም። ደስ ብሎኛል ማለት ዕዳው ተሰርዟል ማለት አይደለም። ይህችን ዐረፍተ ነገር አዳራሽ ውስጥ የሚናገር አሠልጣኝ ካለ ትኬቱን ገዝቼ እገባለሁ።

እነዚህ ሰዎች የአበበ ቢቂላን ስም መጥራት ይወዳሉ፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ያሸነፈውን። እስቲ የሮሙን እንተወውና የኋለኛውን እንመልከት። አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ሮምን በ1952፣ ቶኪዮን በ1957 ያሸነፉት እግሮች ሥራቸውን አቆሙ። «አበበ» ማለት ለዓለም ሁሉ እግር ማለት ነበርና፣ በእኛ የወንበር ሕግ ብንሄድ ሰውየው አብሮ ማለቅ ነበረበት። እሱ ግን እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ። በ1963 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ከስፖርት አልወጣም።

የለውጥ ነጋዴው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው የአበበን ጽናት ብቻ ነው። ጽናቱ እውነት ነው፤ ማን ይክዳል! ነገር ግን ሆስፒታሉ ነበረ፤ ሐኪሞቹ ነበሩ፤ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኛ ነው ብሎ የሚያምን፣ ሜዳ የሚያዘጋጅ፣ ኖርዌይ ድረስ የሚጋብዝ ሰው ነበረ። አበበ ሊለወጥ ሲነሣ የሚገባበት በር ተከፍቶ ጠበቀው። ሰው ብቻውን አይለወጥም። የሚለወጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሲለወጥ አይቶ የማይስቅ ሰፈር ይፈልጋል። የሮማናት በረንዳ ያንን በር ይዘጋል ብዬ ነው የምጣላው። የአዳራሹ ሰው ደግሞ በር የሚባል ነገር እንዳለ ይደብቃል።

በፈጠራ ሥራ ላይማ የበረንዳው ሸንጎ ይብሳል። አንድ ሠዓሊ አሣሣሉን፣ አንድ ዘፋኝ ዜማውን፣ አንድ ገጣሚ ቤት አመታቱን ቀየር ሲያደርግ «ምን ሆኖ ነው?» ቶሎ ትመጣለች፤ «ባህሉን አበላሸ» የምትል እኅት አስከትላ። ይህን የሚሉ ሰዎች ለወግ አጥባቂነት የሚጠሩት ምስክር ቅኔ ቤትን መሆኑ ያስቀኛል። ቅኔ ቤት ውስጥ የትናንትን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላውን ቀርቶ የራስን መድገም ነውር ነው። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል፤ መለኪያው የቆየ፣ ቅኔው ትኩስ። ከዚህ የበለጠ ለለውጥ የቆመ ትምህርት ቤት የት አለ? አባቶቻችን አዲስ ነገር አይወዱም ነበር የሚል ሰው አባቶቹን አያውቃቸውም።

አፈወርቅ ተክሌ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እንግሊዝ አገር የተላከው ማዕድን ምሕንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። ትቶት ሠዓሊ ሆነ። በዚያ ዘመን ከበረንዳችን ላይ የተባለውን መገመት አያቅትም፤ መሐንዲስ ሊሆን የሄደ ልጅ ቀለም ይዞ መጣ! ዛሬ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስኮቶች ሥር የሚቆም ሰው የቀረብንን መሐንዲስ ያስታውሳል? ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ። ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃ ተምሮ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አጋባቸው። ያኔ ሁሉም ጆሮ እሺ አላለውም። በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ ሙዚቃውን ሲያሰማ ግን «የእኛ እኮ ነው!» ለማለት የቀደመን አልነበረም።

ከዚሁ ከአገሩ ልጅም ልጥቀስ። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር የተወለደው ዐድዋ አካባቢ፣ ዕርባ ገረድ ነው። የአፍ መፍቻው ትግርኛ ነበር። አማርኛን ሲጽፍ ግን ያገኘውን የደረቀ የመጽሐፍ ቋንቋ ትቶ ሰው ቡና ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ እንደሚያወራው ጻፈው። «ሌቱም አይነጋልኝ» በዚህ የተነሣ ለብዙ ዘመን ሳይታተም ተቀመጠ። ባለጌ ተባለ። ዛሬ የአማርኛ ደራሲ ሁሉ ገጸ ባሕርይውን እንደ ሰው ሲያናግር የስብሐትን ዕዳ ይከፍላል፤ አብዛኛው ሳያውቀው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፤ «የሌላ ቋንቋ ልጅ እንዴት አማርኛን እንዲህ ለወጠው?» እኔ የምመልሰው፣ ቋንቋውን እንደ ወንበር ሳይሆን እንደ ሥራ ስለያዘው ነው እያልኩ ነበር። ወንበር ላይ ይቀመጡበታል። ሥራን ይሠሩታል፤ ሲሠሩት ይለወጣል።

«አንተስ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ሃምሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጋዜጣ ላይ ስጽፍ «ከሌክቸረርነት ወደ ጋዜጣ?» ተብያለሁ፤ ከመሰላል የወደቅሁ ይመስል። ድሮ አርባ ተማሪ ነበር የሚያነበኝ፣ እሱም ለፈተና። አሁን ባለ ሱቁም ያነበኛል፤ ሲያነበኝም ይሰድበኛል። ስድቡን ከፈተናው እመርጣለሁ። ደመወዜ አንሷል፣ ይህን አልደብቅም። ጠዋት ስነሣ ግን የምጽፈው ነገር አለኝ። በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ደስታ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከባዱን ከሚመለከታቸው እጀምራለሁ። ውዝፍ ያለበት ይክፈል። ሠራተኛው በራሱ ብልሃት ኖሯልና ዕዳው አብሮ ይኑር አይባልም። ሥራ የለወጠውን ሰው ከአስፋልት ዳር ማባረር ይቅርና መሥሪያ ቦታ ይሰጠው፣ ፈቃድ ሲጠይቅ በሩን አይመላለስ። ወደ ዋርዷ መመለስ ለምትፈልገው ነርስ ዋርዱ ይከፈትላት። ለውጥ፣ ለውጥ ማለት ቀላል ነው፤ ለሚለወጠው ሰው ጠረጴዛና የመብራት ቆጣሪ ማስገባት ነው ቁም ነገሩ።

ቀላሉ ደግሞ የእኛ የበረንዳዎቹ ነው፤ ወጪ የለውም። የምታውቁት ሰው አዲስ ሥራ ላይ ሆኖ ብታዩት ዓይናችሁን አታሽሹ። አውቃችሁ እንዳላወቀ አትሁኑ፤ ይህ ለእሱ ክብር መስጠት የሚመስለን ጭካኔ ነው። ባጃጁን አስቁሙትና ግቡ፤ ሒሳቡን ሙሉ ክፈሉት፣ እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዋጋ። «ሥራ እንዴት ነው?» በሉት። ማስክ ያደረገውን ሰውዬ በስሙ ጥሩት። ምናልባት ያወልቀው ይሆናል።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ከኮፍያው ሥር የተደበቃችሁ፤ የምታውቁትን ማንም አልወሰደባችሁም። ዛፉ ተቆርጦ ይሆናል፤ መምህሩ እናንተ ናችሁ። ሌላ ዛፍ ሥር ዘርጉት።

ቸር ያሰንብተን።